በገዛ ጋቢው የደነገጠ

ነሐሴ 6

ዝናብ። መብራት ጠዋት ሄዶ ከቀትር በኋላ መጣ። ቀኑን ሙሉ ጉርድ ፎቶ ብቻ። አንዱን ተማሪ "ዓይንህን ግለጥ" እያልኩ ደጋግሜ አነሳሁት... በመጨረሻ "ጋሼ፣ ተገልጦ እኮ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ተፈጥሮው ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ አንሺ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ወደ ማታ ስልክ ተደወለ። ከሐዋሳ። ባንተአምላክ የሚባል ልጅ፣ የአያ አድማሴ ልጅ ነኝ አለ። አባቱ ከሞቱ ኅዳር ላይ ሰባት ዓመት ይሞላቸዋል። ለተዝካሩ ሐውልት ሊያሠራ ፈልጎ፣ ሐውልት ሠሪው ቦታውን በፎቶ ካላየሁ አልጀምርም ብሎታል። "ዙሪያውን አንሳልኝ" አለኝ። መቃብሩ ከጅጋ ወጣ ብሎ፣ ከአምባ ሚካኤል በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ድሮ እዚያ ነበር። አሮጌው መቃብር ይሉታል።

ሚስቴ ያምሮት ሰምታ "ብቻህን ልትሄድ?" አለችኝ።

"ለምን ብቻዬን? ሙታኑ አሉ አይደል?"

አልሳቀችም። እኔ ግን በራሴ ቀልድ ብዙ ሳቅኩ።

ነሐሴ 8

ሄድኩ። መጣሁ። በሕይወት አለሁ።

እስከ ጅጋ ሚኒባስ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ ጭቃ። ጫማዬ ጭቃው ውስጥ እየቀረብኝ ስመለስለት ስሄድ፣ ጉብታው ላይ ስደርስ ጉም ጠበቀኝ። ሁሉን ነገር የሚጋርድ ጉም ቢሆን ይሻል ነበር። ይኸኛው ግማሽ ግማሹን ነው የሚያሳይ። ጽዶቹ ግማሽ። ድንጋዮቹ ግማሽ። ሣሩ እስከ ወገብ ደርሷል። ሰዉ ሁሉ ለፍልሰታ ታች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የውዳሴ ማርያሙ ድምፅ ከሥር ይመጣል። ላይ ማንም የለም።

ፈርቼ ነበር? ትንሽ።

...ለማንም ስለማላሳየው ልጻፈው። ትንሽ አይደለም። ዓይኔን ከካሜራው ሳላነሳ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚህም ከዚያም አንስቼ ወረድኩ። ሲሮጥ አየሁት የሚል ካለ፣ ቁልቁለቱ ነው የገፋኝ።

ነሐሴ 9

ኔትወርኩ ደህና ስለነበር ሁሉንም በቴሌግራም ላክሁለት። አንዱንም ሳላይ። ስንት ዓመት በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ፎቶ ሳያይ ይልካል? ይልካል።

ነሐሴ 10

ባንተአምላክ ደወለ። ያለቅሳል። ፎቶው የተበላሸበት መስሎኝ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ።

"አባቴ ቆሟል" አለኝ።

"የት?"

"መቃብሩ ራስጌ። ነጭ ለብሶ። ጋሽ ምስክር፣ አላየኸውም? አባቴ ግራ ትከሻውን ጣል አድርጎ ነበር የሚቆም... እሱ ነው። አንተ አጠገቡ ሆነህ አላየኸውም?"

አላየሁም። ኮምፒውተሩን ከመክፈቴ በፊት ጎረቤቴን ማህዲን ጠራሁት። የስልክ ዕቃ ነው የሚሸጠው። "ምስል ማጉላት ታውቃለህና እርዳኝ" አልኩት። ማጉላትማ እኔም አውቃለሁ። ብቻዬን ማየት ፈርቼ ነው።

አለ። ሦስት ፎቶ ላይ አለ። ከጽዱ ሥር፣ ረዥም ነጭ ነገር። ራስ አለው፣ ፊት የለውም። ወገብ አለው፣ እግር የለውም። ግራ ትከሻው ዘንበል ብሏል።

ማህዲ ከኮምፒውተሩ አንድ እርምጃ ራቀ። ቆይቶ "በእኛ ሙት አይመለስም" አለ። እፎይ ልል ስል "ጅን ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው" ብሎ ሄደ። ሱቁን ከወትሮው ቀደም ብሎ ዘጋ። አይቼዋለሁ።

ነሐሴ 11

ያምሮት ቀኑን ሙሉ "ሙታኑ አሉ አይደል?" ስትለኝ ዋለች።

ነሐሴ 14

ባንተአምላክ ለእህቶቹ ላከው። እህቶቹ ለማኅበራቸው። ማኅበሩ ለዓለም። ዛሬ ደምበጫ ያሉት አማቴ ደውለው "ይህን ጉድ አይተሃል?" ብለው የራሴን ፎቶ ላኩልኝ። ከሥሩ "ይህን ለአሥር ሰው ሳያካፍል ያለፈ..." የሚል ማስፈራሪያ ተጽፎበታል።

ፈርቼ አካፈልኩ። የራሴን ፎቶ!

ነሐሴ 19

የሟቹ ሚስት መጡ። እትየ እማዋይሽ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ዘመዶች ደግፈው አስገቧቸው። ፎቶውን በትልቁ ማየት ፈልገዋል አሉ። ወንበር ሰጠኋቸው። ገና ስከፍተው ዘመዶቹ እልልታ ይሁን ኡኡታ ያልለየለት ድምፅ አወጡ። እሳቸው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

"አቅርበው" አሉኝ። አቀረብኩ።

"ትከሻውን።"

ትከሻውን አቀረብኩ። ረዥም ጊዜ አዩት። እንባ የለም። እንዲያውም... ልሳሳት እችላለሁ እንጂ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ለባሏ መንፈስ ፈገግ የምትል ሴት አለች? የእኔዋ ሳቋን አትችለውም፤ ያ ሌላ ነው።

ከዚያ ወደ ዘመዶቹ ዞሩ። "እሱ ነው። አድማሴ ነው። ዕረፍት ፈልጓል። ኸዛሬ ወዲህ እዚያ ጉብታ ላይ ማንም እንዳይደርስ። ከብትም እንዳይሠማራ።"

ሊወጡ ሲሉ "ስምህ ማን ነበር?" አሉኝ።

"ምስክር።"

"ምስክር... በል እንግዲህ፣ ያየኸውን ብቻ መስክር።"

እኔ እኮ ምንም አላየሁም! ችግሩስ እሱ አይደል?

ነሐሴ 25

ዝነኛ ሆኛለሁ። ዝና ማለት እንዲህ ነው፦ ሠርጎች ተሰረዙብኝ። የአንዷ ሙሽራ እናት ቁርጡን ነገሩኝ። "ሥራህን እንወደው ነበር ልጄ። ግን ኸተጠራው ሰው ሌላ ማንን ጨምረህ እንደምታነሳ ምን እናውቃለን?" እውነት ምን ያውቃሉ? እኔስ?

በሌላ በኩል አንድ ሰውዬ መጥቶ ካሜራውን ከነእኔ ሊከራይ ጠየቀኝ። አያቱ ጠመንጃቸውን የት እንደቀበሩ ሳይናገሩ ነው የሞቱ። "አንተ በፎቶ ታቆማቸዋለህ፤ እኔ እጠይቃቸዋለሁ" አለ። ቀልዱን አይደለም።

ካሜራውን ወደ ቤት ማምጣት ትቻለሁ። ሱቅ ነው የሚያድረው። ያምሮት ቦርሳው ውስጥ የሚካኤልን ሥዕል ከተተችበት። ሚካኤል ከካሜራው እኔን ሊጠብቅ ይሆን? ወይስ ከእኔ ካሜራውን?

ጳጉሜ 1

ማህዲ ወሬ ይዞ መጣ። "ብሮ፣ ነገሩ ከረረ። የቲክቶክ ልጆች ሩፋኤል ዕለት ጉብታው ላይ ሊወጡ ነው። መኪና ይዘዋል። ሙቱን በላይቭ ሊያስተላልፉት። ሳይገኝ አንመለስም፣ ካስፈለገ እየተመላለስን እንጠብቀዋለን ብለዋል። አንተንም ይፈልጉሃል፤ ቃለ መጠይቅ።"

ምን ልልበስ ብዬ አሰብኩ። ወንድ ልጅ እውነቱን ይጻፍ... የመጀመሪያ ሐሳቤ እሱ ነበር።

ጳጉሜ 2

ከምን ልጀምር?

ከሰዓት ዝናቡ አባራ። ደንበኛ የለም። አንዲት ጠና ያሉ፣ ረዥም ሴት ገቡ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተሸፋፍነዋል። "ይግቡ" ሳልል አስነጠሰኝ። ደገመኝ።

"ይማርህ" አሉ። "በርበሬው ነው። ቡሬ በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ያገኘኝን ሁሉ ያስነጥሰዋል።"

"ጉርድ ፎቶ ነው የሚነሡ?"

"የለም። ተነሥቻለሁ። እንድታጠፋው ነው የመጣሁ።"

"መቼ ነው የተነሡ?"

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከግድግዳው አጠገብ ቆሙ። ግራ ትከሻቸው ዘንበል አለ።

ጀግናው ምስክር ምን አደረገ? ከባንኮኒው ኋላ ተቀመጠ። ተቀመጠ የምለው ለክብሬ ነው፤ መደበቄ ነው። "አቡነ ዘበሰማያት..." አልኩ።

"ያን ዕለትም እሱኑ ስትል ነበር" አሉ ሴትዮዋ። "እየጀመርክ ትተወዋለህ። አንዴም አልጨረስከው። ልነግርህ ቃጥቶኝ ነበር። ካሜራህን እያየህ ነጠላዬን ታክከህ አለፍክ እኮ፣ ልጄ።"

ሙት አይደሉም። ስማቸው ሠርክአዲስ ነው። የአያ አድማሴ ታናሽ እህት ናቸው።

ሻይ አስመጣሁላቸው። አልጠጡትም። ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ከአባታቸው የቀረ የወንዝ ዳር ማሳ ነበር። ወንድምየው ለብቻቸው ይዘውት ኖሩ። እሳቸው ድርሻዬ ይገባኛል ብለው ከሰሱ። ተፈረደላቸው። ያን ዕለት ወንድማቸው በአገር ሰው ፊት "ኸእንግዲህ ቀብሬ ላይ እንዳትቆሚ!" አሉ። ቃል ወጣ። ሳይታረቁ፣ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ለቀብሩ ሲገሠግሡ ሰው መንገድ ላይ ጠብቆ መለሳቸው። የሙት ቃል ነው ብሎ።

"ማሳውስ?" አልኩ። እንዲህ ባለ ሰዓት እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ አፍ ነው የሰጠኝ።

"ይታረሳል። ጤፍ ያበቅላል። ማሳ ምን ይሆናል... ወንድም ነው እንጂ ዳግም የማይበቅል።"

በየወሩ አንዴ ከቡሬ በጠዋቱ መኪና ይመጣሉ። ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ጠብቀው ጉብታው ላይ ይወጣሉ። ቆመው ያዋሩታል። ያን ዕለት የእኔን ኮቴ ሲሰሙ፣ ብንቀሳቀስ ያየኛል ብለው ፊታቸውን ሸፍነው ደርቀው ቀሩ።

"አሁን እኔ መሆኔ ከታወቀ፣ የወንድሟን ቃል ሰብራ ሙቱን ዕረፍት ነሳችው ይሉኛል። ልጅ ቢታመም በእኔ ነው። በሬ ቢሞት በእኔ ነው። አጥፋው፣ በሞቴ።"

አማቴ ስልክ ላይ ያለውን እንዴት ላጥፋ? ስለ ቲክቶክ ልጆቹ ነገርኳቸው። "ነገ እንዳይሄዱ" አልኳቸው።

"ነገ አልሄድም" አሉ። "ከነገ ወዲያስ? ሰው እየተመላለሰ የሚጠብቀው ከሆነ፣ ኸእንግዲህ መቼ ልሂድ?"

ሲወጡ ደግሞ አስነጠሰኝ። ከበሩ ዞር ብለው "ይማርህ" አሉኝ።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ዝናቡ ወረደ፤ ልጆቹ ሁሉ ደጅ ወጥተው ይታጠቡበታል።

ጠዋት ማህዲን "ስልክህን አውጣና ቅረጸኝ" አልኩት። ጉሮሮዬን ጠርጌ ለዓለም ይህን አበሰርኩ፦

"ፎቶ አንሺ ምስክር ነኝ። የአሮጌው መቃብር ሙት ማን እንደሆነ ታውቋል። ጋቢዬ ነው። ዳገቱን ስወጣ ሞቀኝ፤ አውልቄ ጽዱ ላይ ሰቀልኩት። ኋላ ፎቶውን ሳየው የገዛ ጋቢዬን አላወቅኩትም። ደነገጥኩ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። አገሩን ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ማህዲ ስልኩን ዝቅ አደረገ። "ብሮ... ይሄን ልልቀቀው? ነገ ልጅ ስትወልድ ያየዋል እኮ።"

"ልቀቀው።"

"ወላሂ ያየዋል።"

"ልቀቀው አልኩህ።"

ምሳ ሳይደርስ ጉዞው ተሰረዘ። ጋቢ ለማየት ማን ጭቃ ያቦካል?

ከሰዓት ያምሮት መጣች። በሩ ላይ ቆመች። "ጋቢህን ያን ቀን አጥቤው ገመድ ላይ ነበር" አለች።

ካሜራዬን መወልወል ጀመርኩ።

"አልደረቀልህም። ሹራብ ለብሰህ ነው የሄድከው።"

ነገርኳት። ሁሉንም። ስጨርስ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እራት ላይ ግን ወጡን በሙሉ ወደ እኔ ገፋችው። አሥራ ምናምን ዓመት አብረን በልተን እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

መስከረም 2

አዲስ ዓመት፣ አዲስ ስም። ጋቢው ነኝ።

ባጃጅ ነጂዎች ሲያልፉ "ጋቢህ እየተከተለህ ነው!" ይሉኛል። ትላንት እንኳን አደረሳችሁ ሊል የመጣ እንግዳ ሁሉ ጋቢውን ሲያወልቅ "አደራ፣ እየው፣ ይኸ የእኔ ነው፤ እንዳትደነግጥ" እያለ ያስረክበኛል። አንዱ ጨርቅ ሻጭ ደጁ ላይ "የማያስደነግጡ ጋቢዎች አሉን" ብሎ ለጥፏል። ጥሩ ይሸጣል አሉ።

የተሰረዙት ሠርጎች ተመልሰዋል። ሙት ከሚያነሳ ጅል ይሻላል ተብሎ ይሆናል።

ባንተአምላክም ደወለ። "ስንት ቀን እንዳለቀስኩ ታውቃለህ?" አለና ዘጋው። በዚህኛው መሳቅ አልቻልኩም። እውነቱን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር... የእኔ ምስጢር አይደለም። ዋጥኩት።

የሆነ ሆኖ፣ በልቤ ኮርቻለሁ። ሰው አድኛለሁ። የሚያውቅልኝ የለም እንጂ ለእኔም ሐውልት አይበዛብኝም።

መስከረም 14

ሐውልቴ ፈረሰ።

እትየ እማዋይሽ አስጠሩኝ። ሄድኩ። ከጅጋ ማዶ፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ። አጠገባቸው ማንም የለም።

"ጋቢህንስ?" አሉኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትየ፣ እኔ..."

"ቁጭ በል። ያቺ ሠርክአዲስ ናት። የባሌ እህት። ገና ትከሻዋን ስታቀርብልኝ አወቅኋት።"

"ታዲያ... እሱ ነው ብለው..."

"ምን ልበል? እሷ ናት ብል ዘመዶቹ ዱላ ይዘው ይጠብቋት ነበር። አድማሴ ነው ስል ግን ማን ደፍሮ ይደርሳል? እረኛ እንኳ አይደርስ። ቦታውን ለብቻዋ ለቀቅሁላት። ደህና አድርጌ ሸፍኛት ነበር። አንተ መጥተህ በጋቢህ ገለጥህብኝ! ይኸው ኸትናንት በስቲያ ከብት ተሠማርቶበት ዋለ።"

ሰው ያዳንኩ ነበር የመሰለኝ። ለካ የዳነ ሰው ነው ያጋለጥኩት። ስለ ቲክቶክ ልጆቹ ነገርኳቸው። አልሰሙም ኖሯል። "እንደዚያስ ኸሆነ..." አሉ። ጎመኑን ቀነጠሱ። የተቀነጠሰውን ደግመው ቀነጠሱ።

"ለቀብር ስትመጣ መንገድ ላይ ያስመለስኋት እኔ ነኝ" አሉ ድንገት። "ዘመድ መለሳት ይላል ሰው። 'አታሳልፏት' ያልሁ እኔ ነኝ። የባሌን ቃል ጠበቅሁ ብዬ ኮርቼ ነበር። ኋላ ሐዘኑ ሲበርድልኝ... ያ ሰው እኮ ተናድዶ ነው የተናገረው። ቢሰነብት ለፋሲካ ይታረቃት ነበር። ቁጣው ኸሁለት በዓል አያልፍም ነበር። ግን ሙት ቃሉን አይመልስ። እኔ ደሞ የሙት ቃል መሻር አልችል።"

"አባ ኪዳነ ማርያምን ቢጠይቋቸውስ? የነፍስ አባታችሁ አይደሉ?"

"በምን አፌ? 'እኔ አስመልሻት ነበር' ልበል? አንተ ጠይቅልኝ። አንተ መቸም ውርደት ለምደሃል።"

ጎመን ሸክፈው ሰጡኝ። ለያምሮት።

ጥቅምት 5

አባ ኪዳነ ማርያም ጋ ሄድኩ። ስንቱን ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ሁሉን ዘረገፍኩላቸው፤ ጋቢውንም። ጋቢው ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ።

"የሟቹ ቃል እንዴት ነበር? ሳትጨምር ሳትቀንስ።"

"'ቀብሬ ላይ እንዳትቆሚ።'"

"እንዳትመጪ ብሏል?"

"አላሉም አባ።"

"እንዳታለቅሺስ?"

"አላሉም።"

"እንዳትቀመጪ?"

"እ... አላሉም።"

"እንግዲያማ ትቀመጣ!" መቋሚያቸው መሬቱን መታ። "ግዝቱን እኔ እፈታዋለሁ፤ እሱ ሥራዬ ነው። ግን ዘመዱ ሁሉ 'ቃሉስ?' ብሎ ያጉረመርማል። ጎጃሜ ኸቄስ ጋር ይከራከራል። ኸቅኔ ጋር ግን አይከራከርም።"

ጥቅምት 9

ቡሬ ልሄድ መናኸሪያ ወጣሁ። መንገድ ተዘግቷል። ተመለስኩ።

ጥቅምት 16

ተከፈተ። ቡሬ ደረስኩ። የወይዘሮ ሠርክአዲስን ሱቅ ማንንም ሳልጠይቅ፣ አፍንጫዬን ተከትዬ አገኘሁት።

አባ ያሉትን ነገርኳቸው። "ትቀመጥ አሉ?" አሉ። ደግመው "ትቀመጥ?" በርበሬ ሲያበጥሩ ነበር፤ በዚያው እጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወዲያ የትኛው እንባ የወንድም፣ የትኛው የበርበሬ እንደሆነ አልለይም። እኔም አለቀስኩ። የእኔው የበርበሬ ነው።

"እማዋይሽስ ምን አለች?"

"ይምጡልኝ ብለዋል።"

እንዲህ አላሉም። አባ ያሉትን ስነግራቸው ያሉት "የተዝካሩን ቀን ታውቀዋለች" ነው። ከአማርኛ ወደ አማርኛ ተረጎምኩላቸው።

ኅዳር 13

ከተዝካሩ አሁን ገባሁ። ያምሮት ካባዋን ሳታወልቅ ተኝታለች። ሳልረሳው ልጻፈው።

ጸሎቱ ታች ተደርሶ ካህናቱ ሐውልቱን ሊባርኩ ሰዉን አስከትለው ጉብታው ላይ ወጡ። እትየ እማዋይሽን ልጃቸው ባንተአምላክ ደግፎ አወጣቸው። ከሐዋሳ መጥቷል። እኔን ሲያየኝ አንገቱን አዞረ። ካሜራዬን አንግቼ ዳር ቆምኩ። ፀሐይ ነው። ሁሉ ነገር ሙሉ በሙሉ ይታያል።

ወይዘሮ ሠርክአዲስ መጡ። ብቻቸውን፣ በዋናው መንገድ፣ ፊታቸውን ገልጠው። ሕዝቡ እንደ ንብ አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ "የሙት ቃል አለ! ቀብሩ ላይ እንዳትቆም ተብሏል!" ብለው ዱላቸውን አነሱ። ምን አባቴ ብዬ ነው ሴትዮዋን ያስመጣኋቸው? በሕዝብ ፊት ለማስደብደብ?

አባ ኪዳነ ማርያም መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። "ልክ ነው። እንዳትቆሚ ብሏል" አሉ። ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። "ልጄ ሠርክአዲስ፣ የወንድምሽን ቃል አክብሪ። እንዳትቆሚ። ተቀመጪ።"

ሴትዮዋ መቃብሩ ራስጌ ሄደው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን አፈሩ ላይ አሳረፉ።

ከዚያ ከካህናቱ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ሽማግሌው ዱላቸውን ወደ መሬት መለሱና "እ... ይኸስ ቃል አልሰበረም" አሉ፣ ቅኔ እንደገባው ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ። አባ "በሰማይ የታሰረውንም በምድር የታሰረውንም እግዚአብሔር ይፍታ" አሉ። "ይፍታ" አለ ሕዝቡ።

ባንተአምላክ አክስቱን ያያል። ትከሻቸውን። ቆይቶ ወደ እኔ መጣ። "ጋሽ ምስክር" አለኝ በቀስታ፣ "ጋቢህ ያቻት?" ሰማይ ሰማዩን አየሁ። ክንዴን ጨበጥ አድርጎ ሄደ።

እትየ እማዋይሽ ገና ቆመው ነበር። ደጋፊዎቻቸውን ገፋ አደረጉና "ጉልበቴ እምቢ አለኝ" አሉ። እያቃሰቱ፣ እየተንገዳገዱ፣ ከወይዘሮ ሠርክአዲስ ጎን ተቀመጡ። ሁለቱም ወደ ፊት ነው የሚያዩት። አልተያዩም። ቅርብ ስለነበርኩ ሰማኋቸው።

"ኸመቃብሩ ላይ ሣሩን የምትነቅዪው አንቺ ነሽ?" አሉ እትየ እማዋይሽ።

"እኔ ነኝ።"

"የተከልሁትን አበባ አብረሽ ነቅለሽዋል።"

"አበባ መሆኑን አላወቅሁም።"

"ወንድምሽም አያውቅ ነበር። ስንቱን አበባ በዶማ ነቅሎብኛል።"

ወይዘሮ ሠርክአዲስ ሳቁ። ሳቁ ወዲያው ለቅሶ ሆነ፤ እትየ እማዋይሽ የወይዘሮ ሠርክአዲስን እጅ ሳይሆን የነጠላቸውን ጫፍ ብቻ ያዙ። እንደ ሕፃን። ከኋላዬ አንዲት አሮጊት "እኔስ ኸእነሱ በምን እበልጣለሁ?" ብለው ተቀመጡ። ቀጥሎ ሌላዋ። ቀጥሎ ዱላ ያነሱት ሽማግሌ። ጉብታው ላይ ቆመን የቀረነው እኔና ካህናቱ ብቻ ነን።

እንዲህ ያለ ፎቶ ዳግመኛ አይገኝም። አውቃለሁ። ካሜራውን አነሳሁ... ያምሮት ከተቀመጠችበት ቀሚሴን ያዘችኝ። ቀሚስ አልኩ? ኮቴን። ዛሬ ራሴን አላውቅም።

"ተወው" አለችኝ። "ና፣ ተቀመጥ።"

ክዳኑን ዘግቼ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።